ከቧሂት ጫፍ ስር የተመለስንበት ቀን



ነገሩ የተጀመረው በራት ማዕድ ላይ ነበር። የአስራ ስድስት ዓመቱ ልጃችን እጁን ታጥቦ ሲቀርብ «አባዬ፣ ፈረንጆች ባሕር አቋርጠው መጥተው የሚወጡትን የስሜን ተራራ፣ እኛ ጎንደር ተቀምጠን ለምን አላየነውም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ለንግድ ደባርቅ ድረስ ስንቴ ተመላልሻለሁ። ከከተማው ወዲያ ያለውን ገደል ግን አንድም ቀን በእግሬ ሄጄ አላየሁትም ነበር። እናቱም ሳቅ ብላ «ጥያቄው ላንተ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም ነው» አለች።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ልጆቹ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጃችንና የአስራ ሁለት ዓመቷ እህቱ ጓዛችንን ሸክፈን ወጣን። ሐሳባችን በደባርቅ እያደርን ሁለት ቀን በተራራው ሸንተረር ላይ በእግር ልንጓዝ ነበር። ከዚያ ጉዞ ያተረፍነው ትምህርት ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እነሆ አቀረብነው።

አያቶቻችን የረገጡት ገደል

ከጎንደር ተነስተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል የወገራን ደጋ አቋርጠን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደባርቅ ገባን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም ያለው እዚሁ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ መሬቱ በድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ይህን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

ከመኪናው መንገድ በፊት ግን የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበር። ከጎንደር ተነስቶ በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድ በሊማሊሞ ነበር የሚያልፈው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል ወጥቶ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት የሲራራ ነጋዴዎች መካከል ደግሞ ሙስሊሞች ዋነኞቹ ነበሩ። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የኖረው በዚህ ንግድ ነው። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ዝባድ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ተጭኖ ይህን አቀበት ይወጣና ይወርድ ነበር።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ እያወቅን ተራራውን የፈረንጅ መዝናኛ ብቻ አድርገን የቆጠርነው እንዴት ነው? አያቶቻችን ለእንጀራቸው ሲሉ በእግራቸው የለኩትን ምድር፣ እኛ በመኪና መስኮት አይተን አለፍነው። ልጄ በራት ማዕድ ላይ የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ሆኖ አገኘሁት። ተራራው ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ የረሳነው እኛው ነን።

የመጀመሪያው ቀን፤ በገደሉ ጠርዝ ላይ

በማግስቱ ጠዋት በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን የመግቢያውን ከፈልን። አንድ የደባርቅ ወጣት በአስጎብኚነት ተመደበልን። ጠመንጃ ያነገቱ አንድ ጎልማሳ ስካውትም አብረውን ወጡ። አስጎብኛችን መኪና ውስጥ ገና እንደተቀመጠ «ጋሼ፣ እዚህ ሰው የሚጎዳው ገደሉ አይደለም፤ ችኮላው ነው» አለኝ። እንደ ተራ ምክር ሰምቼ አለፍኩት።

የመረጥነው መንገድ ከቡይት ራስ ተነስቶ የገደሉን ጠርዝ ይዞ እስከ ሳንቃበር የሚዘልቀውን ነበር። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ብዙም የማይርቅ፣ ከባድ አቀበት የሌለበት፣ ግማሽ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ይመስለናል።

ቡይት ራስ ላይ ገና ከመኪና እንደወረድን ከመቶ የሚበልጡ ጭላዳዎች ሜዳውን ሞልተውት አገኘናቸው። ልጃችን ቁጭ ብላ ስታስተውላቸው ቆየችና «አባዬ፣ እነዚህ እኮ እንደ በግ ሳር ይግጣሉ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሳር ነው። በጣቶቹ እየነጨ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ በአለቱ ጥርስ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሜዳው ይወጣል። በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይለየዋል። በተፈጥሮ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው።

ከዚያ በግራችን ገደሉን፣ በቀኛችን የአስታውን ቁጥቋጦ እያደረግን ተጓዝን። ገደሉ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከታች እስከ ተከዜ ሸለቆ አቅጣጫ ድረስ አምባዎችና ሾጣጣ ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነባብሮ የሠራው ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ቀስ በቀስ ጠርበው ይህን ቅርጽ ሰጡት። በገደሉ ፊት ላይ ያሉት አግድም መስመሮች የዚያ ንብርብር ምልክቶች ናቸው። ቁርኣን በሱረቱል ጋሺያህ ውስጥ የሰው ልጅ ተራሮችን ጭምር እንዲያስተውል ይጋብዛል። ያንን ግብዣ ለመቀበል ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ይከብዳል።

የዙህር ሰዓት የደረሰብን በመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። ልጄ «ቂብላው በየት በኩል ነው?» ሲል ጠየቀ። ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። መካ ከስሜን ተራሮች በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ትልቁ ገደልም ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ከጠርዙ በደንብ ራቅ ብለን ጋቢያችንን አንጥፈን ስንቆም፣ ከፊታችን የነበረው ሰማይና ከሩቅ የሚታየው ቆላ ብቻ ነበር። አስጎብኛችንና ስካውቱ እስክንጨርስ ከአንድ ድንጋይ ስር ተቀምጠው ጠበቁን። ባለቤቴ ከሰላምታው በኋላ ለረጅም ጊዜ ከቦታዋ አልተነሳችም። እኛም አላጣደፍናትም።

ሁለተኛው ቀን፤ ጨነቅና ቧሂት

ሁለተኛው ቀን የልጄ ቀን ነበር። ከቤት ጀምሮ ሲያወራ የነበረው ስለ ቧሂት ነው። ቧሂት ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከራስ ደጀን ቀጥሎ ስሙ የሚነሳ ተራራ ነው። ከደባርቅ የሚነሳው የኮረኮንች መንገድ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ በቧሂት መተላለፊያ በኩል ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። ጃናሞራ በብርዱ መሐል ገብስ የሚዘራ፣ በግና በቅሎ የሚያረባ ሕዝብ ያለበት ወረዳ ሲሆን፣ ዋና ከተማው መካነ ብርሃን ይባላል።

ሌሊቱ ሳይነጋ ፈጅርን ሰግደን ከደባርቅ ወጣን። በመንገዳችን የጅንባር ወንዝ ወደ ገደሉ የሚወረወርበትን ፏፏቴ አየን። በጥር ወር ውኃው ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ቁልቁል 500 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ዓይን ያዞራል። ጨነቅ ስንደርስ ሣሩ ላይ የነበረው ውርጭ ገና አልቀለጠም ነበር። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ጅባራው በየቁልቁለቱ እንደ ዘበኛ ቆሟል። አስጎብኛችን ጅባራ ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚደርቅ ነገረን። ብዙም ሳንቆይ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ዋልያዎች ብቅ አሉ። ቀንዳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ፣ እግራቸው አለቱ ላይ የማይንሸራተት እንስሳት ናቸው። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ልጆቻችን በብሔራዊ ቡድናችን ስም ብቻ የሚያውቁትን እንስሳ በዓይናቸው አዩት።

አቀበቱን ጀመርን። ባለቤቴ ከሁላችን ኋላ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ቀስ ብላ ትሄዳለች። ልጄ ግን ከፊት ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሄድን በኋላ እርምጃው ከበደ። ይቆማል፤ ይነሳል። እኔም የአባትነት ወጉን ለማድረስ «በርታ! ወንድ አይደለህ እንዴ?» አልኩት። ዛሬ ይህን ቃሌን ሳስታውስ ያሳፍረኛል።

አስጎብኛችን ወደ ኋላ ዞሮ አየውና አስቆመን። «ራስህን ያምሃል?» ሲለው «ደህና ነኝ» አለ። ያን ጊዜ ታናሽ እህቱ «አባዬ፣ ውሸቱን ነው። ቁርሱን እኮ ለእኔ ነው የሰጠኝ። ጠዋት ጀምሮ መብላት አስጠልቶታል» አለች። ልጄ ቀና ብሎ አላየኝም። ጭንቅላቱን እየፈለጠው፣ ሆዱ እያቅለሸለሸው እንደነበር በኋላ ነገረን። የደበቀው እኔን እንዳያሳፍር ብሎ ነው።

ጫፉ ይታየናል። የአርባ ደቂቃ መንገድ ቢቀር ነው። «ትንሽ ዐረፍ ብሎ ቢሞክርስ?» አልኩ። አስጎብኛችን ዕድሜው ከልጄ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት የሁላችን ታላቅ ሆነ። ልጄ ፊት ቁጭ ብሎ «ወንድሜ፣ እኔ ቧሂትን ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቆጥሬ አላውቅም። ታሞ እየደበቀ ወጥቶ ተሸክሜ ያወረድኩትን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ እንውረድ» አለ። ወረድን። ስካውቱ የልጄን ሻንጣ ምንም ሳይናገሩ ከትከሻው ወስደው አነገቱት። ጨነቅ ደርሰን ሻይ ሲጠጣ ፊቱ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ከእህቱ ጋር በቆሎ ይሻማ ነበር፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ነገሩ ምን ነበር?

የከፍታ ሕመም የጉልበት ማነስ ወይም የፍርሃት ምልክት አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጂን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን መልመድ ይችላል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። እኛ 2,850 ሜትር ላይ አድረን በአንድ ጠዋት ከ4,000 ሜትር በላይ ለመውጣት ነው የተነሳነው። ጠንካራ ስፖርተኛም ቢሆን ሊታመም ይችላል። እንዲያውም ወጣቶች ጉልበታቸውን ተማምነው ስለሚፈጥኑ ቶሎ ይያዛሉ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ያልተለመደ ድካም ናቸው። ምልክቱ ከታየ ከዚያ በላይ አለመውጣት ነው። ካልተሻለው ወይም ከባሰበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሰውዬው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታበት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ነገሩ ለሕይወት ያሰጋል። ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ መውረድና ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እንደ እኛ ያለው ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ግን ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሕመሙን የሚደብቀው እኛ ጫፉን የክብር ጉዳይ ስናደርግበት ነው። ያን ቀን ለልጄ አደጋው ገደሉ አልነበረም። የእኔ «በርታ» ነበር።

የግጭ ሜዳ

ስንመለስ አስጎብኛችን መኪናውን አስቁሞ ከጅንባር ወንዝ ማዶ ያለውን ሰፊ ወርቃማ የጓሳ ደጋ አሳየን። «ያ ግጭ ይባላል። ያማረ ሜዳ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነው። መንደርም ነበረበት» አለ። ጥቂት ቆይቶም «የእናንተው ሰዎች ነበሩ፤ ሙስሊሞች» ሲል ጨመረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አንዱ ሆነ። የዋልያ ቁጥር እየመነመነ፣ እርሻና ግጦሽ እየሰፋ በመሄዱ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን ግጦሽና ሰፈራ መቀነስ ነበር። ግጭ በዚህ መሐል ወደቀ። 418 አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ተዛወሩ፤ ዝውውሩም በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ አለ። አንደኛው ወገን ደጋው በግጦሽ ብዛት ተራቁቶ ነበር፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ መጠጊያ አጥተው ነበር፤ አፈሩም እየታጠበ ለሰዎቹ ራሱ የሚበቃ እህል ማብቀል ተስኖት ነበር ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ሌላው ወገን ደግሞ ለትውልዶች በምድሩ ላይ የኖረን ገበሬ ማንሣት ተፈጥሮን መጠበቅ ተብሎ መጠራት የለበትም ይላል። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአፍሪካ ፓርኮች የሚሠራበት ይህ አካሄድ ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሰው ልማድ መሆኑን ሲከራከር ግጭን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል።

ይህ ጽሑፍ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። ሆኖም በሸንተረሩ ላይ የሚጓዝ ሰው ያ ባዶ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ ባዶ እንዳልነበረ ሊያውቅ ይገባል። የምናደንቀው ጸጥታ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው የከፈሉበት ነው። ገብስ ማረስና ከብት ማርባት የለመደ ሰው በከተማ ዳር ኑሮን ከአዲስ መጀመር ምን ያህል እንደሚከብደው ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ልጄ እስኪጨልም ድረስ በመስኮት ወደ ሜዳው ሲመለከት ቆየና «ታዲያ አባዬ፣ እኛ እዚህ ምንድን ነን?» አለኝ። እናቱ ቀደመችኝ፤ «እንግዶች» አለችው።

ያን ምሽት መግሪብን ደባርቅ መስጂድ ውስጥ ሰገድን። ከሰላት በኋላ ከአጠገቤ ከነበሩ አንድ አዛውንት ጋር ተዋወቅን። ከግጭ የመጡ ናቸው። ከላይ መመለሳችንን ስነግራቸው ስለ ዋልያም፣ ስለ ፏፏቴውም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ዘንድሮ ውርጩ እንዴት እንደሆነ ነው። በጣም ከባድ እንደነበር ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁና ዱዓ አድርገውልን ተለያየን።

ለሚጓዙ ቤተሰቦች

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ብዙ ቤት አፈረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ፤ ይከፈታሉ። ስለዚህ ማንም ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን ሰላም ከሚያምናቸው ሰዎችና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣርቶ ይወቅ። አጠራጣሪ ከሆነ ይቅር። ለጊዜው በየከተማችን ዳር ያለውን ጋራ በእግር መውጣት እግርንም ልብንም ያዘጋጃል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን የሚከተለውን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ጊዜ። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ ጉምና ጭቃ ይበዛል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምድሩ አረንጓዴ ነው፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታ። በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ያለውን የቡይት ራስና የሳንቃበር መንገድ ሂዱ። ቧሂትን የሚሻ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሁለት ሌሊት ከ3,000 ሜትር በላይ አድሮ ይሞክር። ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፣ ከሁሉም ቀርፋፋ በሆነው ሰው እርምጃ መሄድ ይገባል። በእኛ ጉዞ ከሁሉ ኋላ የነበረችው ባለቤቴ አንዳች ራስ ምታት ሳይነካት ተመልሳለች።

ሦስተኛ፣ ልብስና ስንቅ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ጥላው ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የሚደራረብ ልብስ፣ ኮፍያ ወይም ሻሽ፣ ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቀድሞ የተለማመዱት የማይንሸራተት ጫማ ያዙ። ረጅም ቀሚስ ለለበሰች እህት ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቢሆንና ከውስጥ ሱሪ ብታደርግ አቀበቱ አይከብዳትም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ተምርና ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ከያዛችሁ ስለ ሐላል ምግብ አትጨነቁም።

አራተኛ፣ ሰላት። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሰላት ማሳጠር ይፈቀድለታል፤ ዝርዝሩን ከመነሣታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ዑለማ ጠይቁ። በውርጭ ጠዋት ኹፍ ላይ የማበስ ፈቃድ ምን ያህል እዝነት እንደሆነ እዚያ ሲደርሱ ይገባል። ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ስገዱ፤ ልጆችንም በዓይናችሁ ያዙ።

አምስተኛ፣ አደራ። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ማሳ ይወርራል፤ ሰውም ይነክሳል። ፌስታልና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። እሳት አታንድዱ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ ሰፊ የጓሳና የአስታ ምድር በልቶ፣ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መምጣት አስፈልጓቸው ነበር። የሰው ፎቶግራፍ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። አስጎብኚውን፣ ስካውቱንና በቅሎ ነጂውን ተገቢውን ክፈሏቸው። ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ከሁሉ በፊት የተጎዳው የእነርሱ ቤት ነው።

ማጠቃለያ

ልጃችን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ቧሂትን ግን እስካሁን አልወጣም። ባለፈው ዒድ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ «ጫፉ ሲታይህ ተመለስክ አሉ!» ብሎ ቀለደበት። እኔ መልስ ልሰጥለት ስል እሱ ሳቅ ብሎ «አዎ፤ ሕመሜን ለአባቴ መደበቅ የተውኩት ያን ቀን ነው» አለ።

ከቤቱ ማንም ነገሩን አላነሳም፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ተራራ ያመጣሁት ከፎቶግራፎቹ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ይኸው ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ኢንሻአላህ፣ እንደገና እንሄዳለን። ሐሳባችን ሁለት ሌሊት ከላይ አድረን፣ እናቱን ከፊት አስቀድመን በእሷ እርምጃ ለመውጣት ነው። ጫፉ ብንደርስበት እሰየው፤ ባንደርስበትም የምንመለሰው ሁላችንም ነን።